የስድስተኛው ሜዳ መታጠፊያ

ከእኛ ሰፈር ማዶ ያለው የቄጠማ ሜዳ ጎልፍ መጫወቻ ስድስተኛው ጉድጓድ ጋ ሊደርስ ሲል ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። ጨዋታው የገባቸው ሰዎች እዚያ ቆመው «ይሄ ነው የአርክቴክት ጥበብ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መግቢያው ላይም የአርክቴክቱ ስም በእብነ በረድ ተጽፎለታል። ሽማግሌዎቻችን ግን ያጠፈችው ይርገዱ የምትባል ልጅ ናት ይላሉ። እኔ የማምነው እነሱን ነው፤ እብነ በረድማ ምን ያውቃል?

እንደሚነገረው፣ ያኔ እዚያ ሠላሳ ያህል ቤት ነበረ፣ ሁሉም የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው። አንድ ቀን ስሙ በየአገሩ የናኘ አርክቴክት ከባሕር ማዶ መጣና ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል እያስተከለ ሜዳውን መንደፍ ጀመረ፤ ችካል የገባበት ቤት ይፈርሳል ተባለ። አራት ችካሎች የይርገዱ እናት የወይዘሮ አልጋነሽ ጓሮ ገቡ። ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው ያቺው ጎጆ ብቻ ነበረች።

ይርገዱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ በተንኮሏ ሰፈሩን ያስመረረች፤ የቄሱን ጥላ ገለባ ሞልታ፣ ሲዘረጉት ራሳቸው ላይ ያዘነበችባቸው እሷ ናት ይባላል።

«እማዬ፣ ችካሉ እግር ቢያወጣስ?» አለች አሉ።

«ዝም በይ አንቺ! ድንበር የነቀለ እጁ ይደርቃል።»

«ድንበር መቼ ሆነ? መጫወቻ እኮ ነው!»

ችካል ተካዮቹ ምሳ ሲሄዱ አራቱንም ነቅላ፣ ወደ ግራ፣ ማንም ወዳልሰፈረበት ረግረግ ወስዳ ተከለቻቸው። ማን ይጎዳል? እንቁራሪት ብቻ። እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምተክለው።

አርክቴክቱ ተመልሶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ችካሉን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ ችካሉን አየ፣ ከዚያ አጨበጨበ ይባላል። የታጠፈው እሱ ከነደፈው በልጦበት ወረቀቱን አስተካከለ። ይርገዱ ሳቋ አላስቆም ብሏት ጭድ ክምር ውስጥ ገብታ ተደበቀች።

ሳቋ የቆየው እስከ ጥቅምት ነው። መሬቱ እንዲጠነክር ብለው ረግረጉን በቦይ አደረቁት፤ ለካ ምንጩን የሚመግበው እሱ ኖሯል! ውሃው መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ምንም። ይርገዱ ሮጣ አርክቴክቱ ፊት ቆመች። «ያዛወርኩት እኔ ነኝ፣ መልሱት!»

አስተርጓሚው ነገረውና ሁለቱም ሳቁ።

«ልጅቷ ሥራዬን ልትቀማኝ ነው እንዴ፣ ነው የሚሉት» አላት አስተርጓሚው።

«ኧረ በማርያም፣ እኔ ነኝ!»

«ሂጂ አሁን፣ አንቺ ቀልደኛ።»

ስንቱን አታላ ያሳመነች ልጅ፣ እውነቷን ስትናገር የሚያምናት አጣች።

ከዚያ በኋላ ቤት አንድ በአንድ ተዘጋ፣ ሰው ውሃ ፍለጋ ወንዝ ዳር ወረደ፤ እኛ የእነዚያ ዘሮች ነን። እናትና ልጅ ጎጇቸው ተርፋላቸው፣ በየቀኑ ወንዝ ድረስ እየወረዱ ውሃ እየቀዱ፣ ብቻቸውን አንድ በጋ ተቀመጡ። ከዚያ እነሱም ወጡ፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

ጎጆዋ ግን ዛሬም አለች። ቆርቆሮ አልብሰዋት፣ አግዳሚ ወንበር አስገብተውባታል። ዝናብ ሲመጣ ተጫዋቾቹ እዚያ ገብተው ይጠለላሉ፤ እጃቸውን እያራገፉም «አርክቴክቱ ይቺንም አስቦባት ነው ያሠራት» ይባባላሉ።