አንድ ገብታ ሦስት የወጣችው

ይህን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ውሸት ከሆነ ግን የእኔ ምላስ ወደ አህያዬ አፍ ይግባ፣ የእሷም ወደ እኔ፤ ያኔ ማናችን እንደምናናፋ ትለያላችሁ።

አንድ ንጉሥ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋቱ የነገሩትን ሁሉ ማመኑ ላይ ነበር። እናቱ በሕይወት ሳለች ከቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር አንድ ቤት አሠርታለች፤ የእናቶች ቤት ይባላል። በአገሩ ያለች ሴት፣ የባለጸጋ ሚስትም ትሁን እንጨት ለቃሚ፣ ያመማት ወይም ምጥ የያዛት እንደሆነ ወደዚያ ትሄዳለች። ክፈይ የሚላት የለም፤ ሁሉም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። አዋላጆች አሉ፣ መድኃኒት አለ፣ እሳት አለ፣ ከሩቅ መንደር በቃሬዛ የሚያመጧት ሰዎችም አሉ። ሞት ራሱ ያንን ቤት ፈርቶ መንገድ ቀይሯል ይባል ነበር። እኔማ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ እያነከሰ ነበር።

የግምጃ ቤቱ ሹም፣ በጅሮንዱ፣ ይህን ቤት ባየ ቁጥር ኪሱን ይዳብሳል። ስስታም ነው እንዳትሉኝ። በቅሎውን ሐር ያለብሳል፣ ለውሻው ጠጅ ያስጥላል። የሚሰስተው ለሌላው ሰው ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ንጉሡ ፊት እጅ ነሣና፣ "ጃንሆይ፣ አገርዎ በሴቶች ልታልቅ ነው" አለ።

"በየትኞቹ ሴቶች?" ንጉሡ ደነገጠ።

"በሚወልዱት። ጉምሩኩ ያስገባል፣ ወፍጮው ያስገባል፣ እስር ቤቱ እንኳ መቀጮ ያስገባል። የእናቶች ቤት ግን ማውጣት ብቻ! ዘይት ያወጣል፣ ቅቤ ያወጣል፣ ጨርቅ ያወጣል። በዚህ ከቀጠለ ጃንሆይ በባዶ እግርዎ መሄድዎ ነው።"

ንጉሡ ጫማውን አየ። "ምን ይሻላል?"

"ለእኔ ይተዉት።"

ተወለት። በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ፣ ትእዛዝ ወጣ፦ "በእናቶች ቤት ከእንግዲህ ወጪ ከገቢ እንዳይበልጥ! ያስበለጠ ወዮለት!"

ከዚያ ቆረጣው ተጀመረ። አዋላጆቹ ተባረሩና ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት አሮጊት ቀረች፤ ምጥ የያዛት ስትጮህ "ምን አልሽ?" ትላለች። ዘይቱ ቀረ፤ በጨለማ ተዳብሰሽ ውለጂ። እሳቱ ጠፋ። ቃሬዛው ደግሞ ረጅም ነው፣ እንጨት ያባክናል ተባለና በመጋዝ ለሁለት ተገመሰ። ከዚያ ወዲህ ሴቲቱ ከወገቧ በላይ በቃሬዛ ትመጣለች፣ እግሯ ግን መሬት ላይ ይጎተታል። ትስቃላችሁ? ሳቁ። የተሸከሟትን ሰዎች ፊት ግን አላያችሁም።

የቤቱ በር ጠባቂ ባሻ ጎንጤ የሚባል የድሮ ወታደር ነው። ገደል ግባ ቢሉት "በየትኛው ገደል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው። ፊደል አልቆጠረም፣ የመንግሥት ገንዘብም ነክቶ አያውቅም። የሚያውቀው በር ነው። በር ላይ ደግሞ ገቢ ማለት የሚገባ ሰው ነው፣ ወጪ ማለት የሚወጣ ሰው። ስለዚህ ትእዛዙ ለእሱ ከፀሐይ የጠራ ነው፤ ከገባው ሰው የበለጠ ሰው አይወጣም፣ አለቀ! አንድ ሰው በገባ ቁጥር ጠጠር ወደ ቀኝ፣ በወጣ ቁጥር ጠጠር ወደ ግራ እየጣለ በሩን ይጠብቃል።

ሂሳብ መዝጊያው ሲደርስ በጅሮንዱ በበቅሎ ብቅ ብሎ፣ ሳይወርድ፣ "ባሻ፣ ወጪና ገቢው እንዴት ነው?" አለው።

"እኩል ነው ጌታዬ! እንዲያውም ገቢው ትንሽ በልጧል።"

እንዴት ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቀም። በቅሎዋን ገርፎ ንጉሡ ዘንድ በረረ። ንጉሡም ደስ ብሎት፣ ይህ ሰው በግምጃ ቤቱ ወጪ በወርቅ የተጠለፈ ካባ ይሸለም፣ ሽልማቱም ሕዝብ እያየ እዚያው በእናቶች ቤት በር ላይ ይሁን አለ።

እንግዲህ በሽልማቱ ዕለት ጠዋት ይታክቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ፣ በግማሽ ቃሬዛ የመጣች፣ ያለ ደህና አዋላጅ መንታ ወልዳ ከዚያ ቤት ልትወጣ ነው። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ሴቷ ልጅ ግን እሳት በሌለበት ቤት አድራ ከንፈሯ ጠቁሯል። እናትየው ቶሎ ቤቷ ገብታ ምድጃ ዳር ካላደረሰቻት ያልቅላታል።

"ወዴት?" አለ ባሻ ጎንጤ።

"ወደ ቤቴ ነዋ፣ አባባ።"

"ስትገቢ ስንት ነበርሽ?"

"እኔው ነበርኩ።"

"አሁንስ?"

ይታክቱ ወደ ደረቷ አየች። "ማርያም ማረችኝና..."

"የማረችሽንማ ማን ጠየቀ! አንድ ገባሽ፣ ሦስት ልትወጪ ነው። ወጪ ከገቢ በለጠ! ሁለቱን እዚሁ አስቀምጪና ሂጂ።"

"ልጆቼን?"

"የማንም ይሁኑ። ጠጠሩ አይፈቅድም።"

ባሏ ከበሩ ውጪ ሆኖ፣ "ባሻ፣ አበዱ እንዴ! ልጅቷን ብርድ ሊገድላት እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"ከሞተችማ አንድ ቀነሰልን" አለ ባሻ፣ ከልቡ ሊያግዘው ፈልጎ።

ይታክቱ ይህን ስትሰማ ልጆቿን እንዳቀፈች ደፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "በሉ እንግዲህ፣ አልገባንም፣ አልወጣንም። ይቁጠሩን!"

ባሻ ጠጠሩን እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ሂሳብ አጋጥሞት አያውቅም።

በዚህ መሐል መለከት ተነፋ፣ ንጉሡ ከነአጀቡ ደረሰ። በጅሮንዱ ሽልማቱን መጠበቅ አቅቶት ካባውን አስቀድሞ ደርቦ ከአጠገቡ ነው፤ ወርቁ ከማብለጭለጩ የተነሣ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ። ንጉሡ በሩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየና፣ "ምንድን ነው?" አለ። ባሻ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ሂሳብ አበላሺ ናት ጃንሆይ! እስከ ዛሬ ሁሉም ልክ ነበር። ከሸማኔዎቹ ሰፈር የመጣችው አንድ ገባች፣ ልጇ ሞተ፣ አንድ ወጣች፤ እኩል። ከወንዙ ማዶ የመጣችውም እንደዚሁ፤ እኩል። ያቺ ቀይዋ፣ ለጋዋ ደግሞ ገባች፣ አልወጣችም። ጓሮ ተቀብራለች። እሷ ለመንግሥት ትርፍ ናት፤ ለበጅሮንዱ አስረክቤአታለሁ።"

መለከት ነፊው የነፋው ትንፋሽ ተመልሶ ሆዱ ገባ።

"ይህ ደንቆሮ!" አለ በጅሮንዱ ላብ እያጠመቀው። "ወጪ ማለት ገንዘብ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ!"

ይታክቱ ካለችበት ቀና አለች። "ደንቆሮው በጠጠር ቆጠረን። አንተ እንደ ጠጠር እንኳ መች ቆጠርከን!"

ንጉሡ ወደ በጅሮንዱ ዞረ። "ከዚህ ቤት የተቆረጠው ሁሉ የት ገባ?"

የበጅሮንዱ ዓይን ሾልኮ ወደ ትከሻው ሄደ፣ ወደ ካባው። ንጉሡም አብሮ አየ።

"ክፈትላት" አለ ባሻን።

"ጃንሆይ፣ ያስበለጠ ወዮለት ተብሏል። ሁለት ገቢ ይጎድለኛል።"

"እንግዲያው በጅሮንዱ ይግባ። ካባውም ይግባ።"

"ካባ ይቆጠራል?"

"ሰው ተበልቶበታል። ይቆጠራል።"

ባሻ ሁለት ጠጠር ወደ ቀኝ ጣለ፣ ፊቱ በራ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ባሏ የቀዘቀዘችውን ልጅ ጋቢው ውስጥ ከደረቱ ጋር አጣብቆ ሮጠ፤ ከነፋስ ቀድሞ ቤቱ ገባ፣ ነፋሱ ኋላ ደርሶ በር አንኳኳ። ምድጃው ዳር ከንፈሯ ቀላ። ዛሬ አድጋ በምላስ እኔን ታሸንፈኛለች። የካባው ወርቅ ተፈትቶ ዘይትና እሳት ሆነ፣ አዋላጆቹም ተመለሱ። ሙሉ ቃሬዛ ተሠራ፤ የፊቱን ጫፍ እስኪሞት የሚሸከመው በጅሮንዱ ነው ተባለ።

ንጉሡ ፈረደ ብላችሁ ግን እንዳታጨበጭቡ። ያቺ ቀይዋ፣ ለጋዋ አሁንም ጓሮ ናት። ተቆጠበ የተባለ ገንዘብ ሁሉ ከአንድ ሰው ላይ ነው የተቆጠበው። ከማን ላይ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሂሳቡ ልክ መጣ ብሎ የሚደሰት ሰው ከባሻ ጎንጤ በምን ይሻላል? ባሻ ቢያንስ በሩ ላይ ቆሞ አይቷቸዋል! የሴቶች ጤና አገር ያከስራል የሚል ሹም ሲያጋጥማችሁ፣ አራሹም፣ ሸማኔውም፣ ግብር ከፋዩም፣ እሱ ራሱም በየት በር እንደወጡ ጠይቁት። እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የረሳኋት አንዲት ነገር አለች። በጅሮንዱን ገፍተው ሲያስገቡት ደፉ ላይ ተንገዳገደና ከሕዝቡ መሐል አሮጊት እናቱን አየ። "እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ! እኔ እዚህ ቤት ምን አለኝ?" ብሎ አለቀሰ።

እናትየውም ምርኩዟን መሬት ላይ መታ አድርጋ እንዲህ አለችው፦ "ምን አለኝ ትላለህ? እዚሁ አይደል የወለድኩህ! ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ አንድ ከንቱ ወጪ ቢያወጣ አንተን ነው!"