ሣር የማያውቀው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ሳይነሣ በሚያረፍድበት ለምለም መስክ ላይ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። አህያዋ ያደገችው በአንዲት ጠላ ጠማቂ ግቢ ነው። እናቷ አተላ ስትበላ እያየች እሷም አተላ ለመደች። ጠማቂዋ አርጅታ ቤቷን ስትዘጋ ወደ መስኩ ለቀቀቻት፤ አፏ ግን አተላውን አልረሳም። በየማለዳው ከልጇ ጋር መንደር ዳር ወርዳ የተደፋ አተላ ልሳ ትመለሳለች።

«ልጄ፣ እስቲ ሣሩን ቅመስ» ትለዋለች ስትመለስ።

«ሣርማ የበሬ ነው» ይላታል። ይህን የሰማው ከእሷው ነው። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ተኝቶ አተላ የሚፈስበት ወንዝ በሕልሙ ያያል። አተላው እያነሰ ሲሄድ ጎኑ ሰረጎደ፤ እንቅልፉም በዛ።

አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ አየው። «ዛሬውኑ ልብላው» አለ።

በአቅራቢያው የነበረች ቀበሮ ያደነቻትን ጥንቸል ጅቡ ስለቀማት አኩርፋዋለች። «አሁን ብትበላው አንድ ጉርሻ አይሆንህም፤ ብትታገስ ይሰባልሃል» አለችው። ጅቡ ስቡን እያሰበ ምራቁን ዋጠና ተጋደመ።

ቀበሮም ወደ አህያዋ ሄደች። «እመት አህያ፣ ልጅሽ እያለቀ ነው።»

«ብላ እያልኩ ለምኜዋለሁ፤ ምን ላድርገው?»

«ለመሆኑ አንቺ ስትግጪ አይቶሽ ያውቃል?»

አህያዋ ቀስ ብላ አንገቷን ደፍታ ሣር ነጨች። ሣሩ ጤዛ የጠጣ ነበር፤ ቅዝቃዜው ለአፏ እንግዳ ሆነባት። ልትተፋው ስትል ውርንጭላው ከእንቅልፉ ነቅቶ እያያት ነው። ዋጠችው።

በማግስቱ መንደር አልወረደችም። ውርንጭላው ተጠግቶ አፏን አሸተተ፤ ከከንፈሯ የተንጠለጠለውን ሣር ስቦ አኘከና ተፋው። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ መጋጧን ቀጠለች። እንዲህ ሲሉ ሰንብተው አንድ ጠዋት ሳይተፋ ዋጠ። እናቱ ደስታዋን ደብቃ ከጎኑ ጋጠች።

መስኩ በአበባ ሲሸፈን አያ ጅቦ መጣ። «ሰባ?»

«ሰብቷል» አለች ቀበሮ።

ጅቡ ተወርውሮ ወጣ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ፈረጠጡ፤ ጉሙ ዋጣቸው፤ የኮቴያቸው ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ጅቡ እያለከለከ ቁጭ አለ። «እንደሚሰባ ነግረሽኛል፤ እንደሚሮጥ ግን አልነገርሽኝም» አላት።

ከዚህ የምንማረው ሕፃን ልጅ ወላጆቹ ሲበሉ ያየውን እንደሚለምድ፣ የልጁን አመጋገብ ማቃናት የሚሻ ወላጅም አስቀድሞ የራሱን ማቃናት እንዳለበት ነው።