የነሐሷ ላም ናፍቆት

ተረት ልጀምር፤ ጆሯችሁን ወዲህ በሉ።

ድሮ፣ ከባሕር ማዶ፣ ዴንማርክ በሚባል ብርዳም አገር፣ ራስሙስ የሚባል ቀራጺ ነበረ። ያየውን እንጂ ያላየውን አይሠራም። አንድ ቀን አንዲት የወለደች ላም፣ ከኋላዋ ጥጃዋ ሲጮህ ሰምታ ዘወር ስትል አያት። አንገቷን፣ የቆዳዋን እጥፋት፣ ወተት የወጠረውን ግቷን በጭቃ አበጀ። ነሐስ አቅልጦ አፈሰሰ። ሜዳ ላይ አቆማት። ጥጃውን ግን አላየውምና አልሠራውም።

የነሐሷ ላምም ዘወር እንዳለች ቀረች። ክረምት ከበጋ ወደ ኋላ ታያለች፤ ማንም የለም።

ዝናብ መጣ።

«አያ ዝናብ፣ ጥጃዬን አይተሃል?»

«አላየሁም» አለና በጉንጯ ወርዶ ሄደ።

ቁራ መጣ።

«አያ ቁራ፣ ጥጃዬን አይተሃል?»

«አንቺን የወለደሽ እሳት! አንቺ ደግሞ መቼ ወለድሽና?» ብሎ ቀንዷ ላይ ስቆ በረረ።

ነፋስ መጣ።

«አያ ነፋስ፣ ጥጃዬን አይተሃል?»

ነፋስ በአፏ ገብቶ ውስጧን ዞረና «ሆድሽ ባዶ ነው፣ እሜቴ ላሚት» አላት።

«ባዶ መሆኑንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

በረዶ በጣለበት አንድ ማለዳ፣ እናቱ የሞተችበት ጥጃ ከበረት ጠፍቶ መጣ። ሽቅብ አያትና «እምዬ!» አላት።

ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። ደስታ ሊሰነጥቃት ደረሰ። ጥጃው ከሆዷ ሥር ገብቶ ግቷን ጠባ። ብርድ ብቻ።

«እምዬ፣ ወተቱስ?»

«ቆይ ልጄ።»

ደግሞ ጠባ።

«እምዬ፣ ወተቱስ?»

«ቆይ ልጄ።» እንዲሄድባት አልፈለገችም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠባ ሲል ጉልበቱ ከዳው። በረዶው ላይ ተኛ፤ ድምፁም ቀጠነ።

«አያ ነፋስ!» አለች ላሚቱ። «ሆድሽ ባዶ ነው አላልከኝም? ና ግባበት፤ አስጩኸኝ!»

«ሰው ከሰማ ይወስድብሻል።»

«አውቃለሁ። ግባ!»

ነፋስ ገባ። ላሚቱ «እምቧ!» አለች። ካረን የምትባል ባልቴት ሮጣ ደረሰች።

«ወይ ጉድ! ነሐስ እምቧ አለ! አንተስ ሞኝ፣ ከብረት ወተት ትለምናለህ?» ብላ ጥጃውን ታቀፈችው።

ካረን ጥጃዋ የሞተባት ላም ነበረቻት። የሞተውን ጥጃ ቆዳ፣ ላሟን ልጇን ልጇን እንዲሸታት፣ ለዚህኛው አለበሰችው። ላሟ አሸተተችው፤ ላሰችው፤ አጠባችው።

ጥጃው ጠገበ፣ አደገ። በዚያ ሜዳ ሲያልፍ ሣሩን ያያል እንጂ ቀና ብሎ አያያትም። የነሐሷ ላም ግን ኮቴውን ከሩቅ ትለየዋለች።

ተረቴን ጨረስሁ፤ የሰማ ለልጁ ያውርስ። ወተት የሌለው ፍቅር፣ ወተት ወዳለበት መንገድ ያሳይ።