በጾመኛ አንገት ላይ የበቀለ ስብ

አንድ ቀን ጠዋት ለጸሎት ተነሥቼ ማተቤን ሳስተካክል አንገቴ ላይ አንዲት እብጠት እጄ ገባች። ለስላሳ ናት፤ ስነካት ሸርተት ትላለች። «ዛሬ ነገ ትጠፋለች» ብዬ ዝም ብላት እያደገች ሄዳ ሎሚ አከለች። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «እንቅርት ነው» አለ። ሌላው «ኧረ ይሄ ክፉው በሽታ ነው፤ አጎቴንም የወሰደው እንዲህ ጀምሮ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት አለ! ዳዊቴን ስደግም እንኳ እጄ ከገጹ እየሸሸ ወደ አንገቴ ይሄዳል።

ሁዳዴ እንደገባ ባለቤቴ ደብሪቱ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ በመሣሪያ አየችው፤ በመርፌም ቀድታ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሲደርስ ማተቤን ጨብጬ ገባሁ።

«አባቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ካንሰር አይደለም። አንገት ላይ እንዲህ ያለው እምብዛም አይገጥመንም እንጂ ጉዳት የለውም። ስብ ነው» አለችኝ።

ተመስገን ማለት ሲገባኝ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ስብ? እኔ ላይ? ልጄ፣ የሌላ ሰው ውጤት እንዳይሆን! እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ! ረቡዕና ዓርብ በለው፣ ሁዳዴ በለው፣ ፍልሰታ በለው፣ አንዱንም ገድፌ አላውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም!»

«ጾም አያጠፋውም፣ አባቴ። ሰውየው ቢከሳም እሱ አይከሳም።»

«ኧረ የሰፈር ሰው ምን ይለኛል! ‹በሁዳዴ ስብ አበቀለ› ሊሉኝ ነው እኮ! በቀን አንዴ የምበላ ሰው፣ ምሳ የሚባል የማላውቅ ሰው፣ ይሄ ስብ ከየት መጣብኝ?»

ከጎኔ የተቀመጠችው ደብሪቱ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ምሳው ነዋ!» አለች።

«የምን ምሳ?»

«የጾምከው ምሳ! የንስሐ አባታችን ‹ለነዳያን ስጠው› ቢሉህ እንቢ ብለህ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከራትህ ጋር ደርበህ ትበላዋለህ። ታዲያ የት ይሂድልህ?»

ሐኪሟ ሳቋ ቢያመልጣት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን ምሳዬን ለነዳያን አድርሼ ነው የምመለስ። እብጠቷ ግን እንዳለች አለች። አንድ ጊዜ ተናድጄ «ይኸው ሰጠሁ! ለምን አልጠፋችም?» ብላት፣ ደብሪቱ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣

«እሱ የድሮው ውዝፍ ነው» አለችኝ።