አህያዋ የዳኘችው ክርክር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው ግን የአህያ ነው።

አንዲት አህያ ጨው እንደ ተጫነች ከጓደኞቿ ኋላ ቀርታ በዱር ስታዘግም፣ ጦጣና በቀቀን «በሕግ አምላክ!» ብለው አቆሟት። በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ ሳይዳኝ አያልፍም፤ ምን ታድርግ፣ ቆመች።

«አንቺ ከሰው ጋር ኖረሻልና ፍረጂን» አለች ጦጣ። «ሰውን ሰው ያደረገው እጁ ነው። እንግዲህ ሰው ማለት እኔ ነኝ።»

«አንደበቱ ነው እንጂ!» አለ በቀቀን። «ሰውስ እኔ!»

«እፈርዳለሁ፤ መጀመሪያ ጭነቴን አውርዱልኝ» አለች አህያ።

«ነገራችንን ሳንጨርስ?» አሉና ቀጠሉ። ጦጣ ጣቶቿን እያገላበጠች ስታሳይ፣ በቀቀን «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ሲለፈልፍ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ጠፍሩ የአህያዋን ጀርባ ይልጠው ጀመር። ቢብስባት «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች።

«አለሁ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፤ ተመልሰውም ክርክራቸውን ያዙ።

ይሄኔ አንዲት አይጥ ከጉድጓዷ ብቅ አለች። «የቱ ጋ ነው የሚከረክርሽ?» ብላ ጠየቀቻትና የጭነቱን ጠፍር በጥርሷ በጠሰችው። ጨው መሬት ላይ ዱብ አለ። አይጧም ወደ ጉድጓዷ ተመለሰች።

«እሺ፣ ፍርዱስ?» አሉ ተከራካሪዎቹ።

አህያዋ የተላጠ ጀርባዋን አራገፈች። «እናንተ ስትጨቃጨቁ ሰው መጥቶ ሄደ።»

«እጁ እንዴት ያለ ነው?» «ምን ብሎ ተናገረ?» እየተባባሉ፣ የአይጧን ጉድጓድ ረግጠው ሊፈልጉት ሮጡ።

ተረቴን መልሱ፤ ከዚያ በፊት ግን ሸክሜን አውርዱልኝ።