አሻራ የሌላት የጽዳት ሠራተኛ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛው ሁሉ ሲገባና ሲወጣ በጣት አሻራ እንዲፈርም አዲስ መመሪያ አወጣ። ከመምህር እስከ ጥበቃ ሁሉም ፈረመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወለል በበረኪና ስትፈትግ የኖረችን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን ማሽኑ እምቢ አላት። ጠዋት ጠዋት አሥሩንም ጣቶቿን እያፈራረቀች ብትሞክር አንዱንም አላነብ አለ።

በሳምንቱ የሰው ሀብት ዳይሬክተሩ ዶክተር መርዕድ ማሽኑ ፊት አስጠሯት።

«በመመሪያው መሠረት አሻራው ያልተገኘ ሠራተኛ ሥራ እንዳልገባ ይቆጠራል። አምስት ቀን ቀርተሻል፤ ስለዚህ ተሰናብተሻል» አሏት።

«ዶክተር፣ ቢሮዎን በየቀኑ ሳጸዳ ሲያዩኝ አልነበር እንዴ?»

«የእኔ ማየት ማስረጃ አይሆንም» አሉና የራሳቸውን አውራ ጣት ማሽኑ ላይ አሳረፉ። ማሽኑ ወዲያው «ታንክዩ» አለ። «አየሽ? የሚሠራን ሰው ያውቃል።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የዳይሬክተሩን ጣት አየችው።

«ያውቅዎታል እንጂ ዶክተር፤ ይሄ ጣት ምን ነክቶ ያውቃል? የእኔ አሻራ ያለቀው እርስዎ ቢሮ ወለል ላይ ነው። ማሽኑን ነቅለው ይውሰዱና ወለሉን ያስነኩት። ታንክዩ ካላለ ያኔ ያሰናብቱኝ።»