እመት ጃርት ምስጥን ያማከረች ዕለት

ተረት ልንገራችሁ፤ «መሠረት አለው ወይ?» በሉኝ። አለው። እንግዲያው አረፍ በሉና ስሙኝ።

አራዊት ሁሉ ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ከሦስት ልጆቿና ዓይናቸው ከደከመ አማቷ ከእማማ ወስፌ ጋር ትኖር ነበር። አንድ የግንቦት ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ የቤቱ ምሰሶ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጣሪያውም ወረደ። ልጆቹ በሩ አጠገብ ነበሩና ዘለው ወጡ። እማማ ወስፌ ግን ከሣሩ ሥር ቀሩ።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለች ጃርት ሣሩን እየገለበጠች።

«ደህና ነኝ ልጄ» አሉ አማቷ ከሥር። «ጣሪያው ወደ እኔ መጥቷል።»

ጎትታ ስታወጣቸው አንድ እግራቸው ተሰብሯል። ጃርት እግራቸውን በቀርከሃ አሰረችና ወደ ምሰሶው ተመለሰች። ከውጭ እንጨት ነው፤ ከውስጥ እንደ ከበሮ ባዶ ነው። ምስጥ ጨርሶታል። አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። ለቅሶዋን ስትጨርስ፣ ልጆቼ ላይ የሚወድቅ ቤት ዳግመኛ አልሠራም ብላ ማለች።

ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ምሳሯን ይዛ ወደ ጫካ ወረደች።

መጀመሪያ ያገኘችው ባሕር ዛፍን ነው። ባሕር ዛፍ ቀጥ ማለቱን፣ መቅለሉን፣ በጥቂት ምት መውደቁን ነገራት። ቀጥሎ ያገኘችው ሾላን ነው። ሾላ ስንት ከብት በጥላው እንደሚያርፍ ነገራት፤ ስለ እንጨቱ ግን ምንም አላለም። በመጨረሻ ያገኘችው ወይራን ነው። ወይራ ገደል አፋፍ ላይ ተጣሞ ቆሟል። ስለ ራሱ ብትጠይቀው ጠማማ እንደሆነ፣ ከባድ እንደሆነ፣ ምሳር እንደሚሰብር ነገራት።

ስትመለስ አናጢው ዝንጀሮ መንገድ ላይ አገኛት። ለጎረቤቷ ለአያ ቀበሮ በባሕር ዛፍ እየሠራ መሆኑን፣ ለእሷም በሦስት ቀን እንደሚያቆምላት ነገራት። የወደቀውን ቤቷን የሠራው እሱ ነበር። ይህን አላነሳም።

ጃርት አሰበች። ዛፍ ራሱን ያመሰግናል፤ አናጢ ለእጁ የሚቀለውን ያመሰግናል። እንጨትን ቀምሶ የሚያውቅ ማን ነው? ይህን ስታስብ እግሯ ወደ ኩይሳው ወሰዳት። እመት ምስጥ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እመት ምስጥ፣ ቤቴን በልታችሁብኛል» አለች ጃርት።

«በልተናል» አለች ምስጥ። «ጥሩ ነበር።»

«ልጣላሽ አልመጣሁም። ልጠይቅሽ ነው። ባሕር ዛፍ እንዴት ነው?»

«እሱ የዘወትር ምግባችን ነው።»

«ሾላስ?»

«ለሕፃናት እንሰጠዋለን። ለስላሳ ነው።»

«ወይራስ?»

«አያቴ አንድ ጊዜ ነክሳው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲህ አጥሚት ነው የምትጠጣው።»

ጃርት፣ ለምን እውነቱን ነገርሽኝ አለቻት። ምስጥም፣ ስለ ምግብ መዋሸት በእነሱ ዘንድ ነውር እንደሆነ ነገረቻት። ደግሞም አያ ቀበሮ ባሕር ዛፍ ጭኖ ሲያልፍ አይታለችና የረሃብ ስጋት አልነበረባትም።

ጃርት በዚያው ቀን ጎረቤቷን አስጠነቀቀችው። አያ ቀበሮ ግን፣ ስለ ቤት ምስጥን የሚያማክር ስለ በግ እኔን ያማክር ብሎ ሳቀ። በአራተኛው ቀን አዲሱ ቤቱ ገባ።

ጃርት ግን ትሠራለች። ድንጋይ ከወንዝ ተሸክማ መሠረት ጣለች። ወይራውን ስትቆርጥ ሁለት ምሳር ሰበረች። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጣ፣ በደንብ እስኪቦካ ጠበቀች። እሷ ስትጠብቅ ዝናቡ አልጠበቃትም። ግድግዳው ሳይመረግ ክረምቱ ገባ፤ ቤተሰቡም ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠለለ።

እዚያ ሥር ብርዱ በረታ። እማማ ወስፌ ሳል ያዛቸው። ከአያ ቀበሮ ቤት ጭስ ሲወጣ ልጆቹ ያያሉ። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ፣ እኛ ቤት የሌለን ምን አጥፍተን ነው ብላ ጠየቀች። ጃርት ተነሥታ ምሳሯን አነሣች።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ ወስፌ።

«ባሕር ዛፍ ልቆርጥ። በሦስት ቀን ያልቃል። እርስዎን ከመቅበር ይሻላል።»

አሮጊቷ በደንብ ሳሉና ጨረሱ። «በእኔ ሳል አታመኻኚ። ሳሉ የእኔ ነው፤ ቤቱ የልጆቹ ነው። ከጣሪያ ሥር አንዴ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የሚያወጣኝ አላገኝም። ይልቅ ማር ፈልጊልኝ።»

ጃርት ምሳሯን አስቀመጠችና ማር ፍለጋ ሄደች። ማሩ ሳሉን አለዘበው። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየመረገች፣ መስከረም ሲጠባ ሣር ከደነች። እማማ ወስፌም በሁለት ልጆች ተደግፈው ገቡ፤ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ጠማማ ነው አሉና ተኙ።

አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አያ ቀበሮ ሚስቱንና አራት ልጆቹን አስከትሎ፣ ራሱ ላይ ሣር እንዳለ፣ ከጃርት ደጅ ቆመ። ዝናቡ ይወርድበታል።

«እመት ጃርት፣ ቤቴ ወደቀ።»

ጃርት ብዙ የምትለው ነበራት። ሕፃናቱን ስታይ ግን ተወችው።

«ግቡ» አለች። «እግራችሁን ጥረጉ።»

አያ ቀበሮ ክረምቱን እዚያው ከረመ። በጋ ሲገባ ወይራ መቁረጥ ጀመረ፤ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። ያን ሁሉ ጊዜ ከነቤተሰቡ ጃርት ቤት ነበር። ስለ እንግድነቱ ርዝመት ጃርት አንድም ቀን ምንም አላለችም። እማማ ወስፌ ግን በየቀኑ ይሉ ነበር።

ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው እንጨቱን የሚያመሰግነውን ትቶ የሚበላውን ይጠይቅ፤ የቸኮለ ጎጆ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ዕዳ ነው።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ከሌለ ቆሎም ይበቃኛል።